የማሙሽ ፊኒክስ፦ ከቃሊቲ እስከ ሐዋሳ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ 11፣ 2016

ሳይክሉ ዛሬ ከሐዋሳ ደረሰ። አይሱዙ ላይ ከሙዝ ጋር ተጭኖ ነው የመጣው። ሹፌሩ የማን ሳይክል እንደሆነ ስነግረው የጫነበትን አልቀበልም አለ።

ፊኒክስ ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው ጥቁር የቻይና ሳይክል፣ ባለ 28 ጎማ፣ ማርሽ የማይቀያይር፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚይዝ። ከነዝገቱ ሃያ ኪሎ ያልፋል። የታናሽ ወንድሜ ነበር። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። 19 ዓመት ሞልቶት፣ ጢም አውጥቶ እንኳ ማሙሽ ነበር። ኅዳር 8 ሙት ዓመቱ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ለሙት ዓመቱ ሳይክሉን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ነድቼ ቤቱ አስገባዋለሁ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብረውኝ የሚነዱ ልጆች እፈልጋለሁ፣ ሰው በየኪሎ ሜትሩ የሚችለውን ቃል ይገባልናል፣ ብሩ እንደሱ ልባቸውን ለታመሙ ልጆች ይሆናል። ዝርዝሩን አላውቀውም። ለጊዜው ፔዳሉ ይዙርልኝ። አሁን አይዞርም።

ነሐሴ 14

ስፈታ ዋልኩ። ካቴናው ዝጎ እንደ ሽቦ ደርቋል፣ ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። የኋላው ቸርኬ ስምንት ቁጥር መስሏል፣ ሦስት ሽቦ ጎድሎታል። የመሪው ኩሽኔታ ውስጥ ካሉት ብዮች ግማሾቹ ተሰባብረዋል። ኮርቻው ሥር አንድ የታጠፈ የአውቶብስ ትኬት አገኘሁ፣ ቀለሙ ጠፍቷል፣ የየትኛው ጉዞ እንደሆነ አይነበብም። ኪሴ ከተትኩት።

እማዬ ማታ ደወለች። ስለ ጉዞው ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ «የልጄን ስም ይዘህ ልትለምንበት ነው?» አለችኝ። ሌላ ነገር ሳትጨምር ስለ ጾሙ መፍቻ አወራችና ዘጋችው።

ነሐሴ 19

ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። አሁን የሚሠሩት የመኪና ጎማ ቢሆንም ልጅነታቸው ሳይክል ላይ ነው ያለፈው። የገረመው ደንቦባን ስም ሳያነሱ ኪያቤ አይጨብጡም። ገረመው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በሳይክል የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጥቷል፣ ለጋሼ ግን ከወርቅ አይተናነስም። «ኢትዮጵያ በሩጫ ብቻ አልተጀመረችም» ይላሉ። ስለ ጽጋቡ ግርማይ ጠየቅኳቸው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። «እሱማ ሳይክሉ ራሱ ይሄዳል» አሉኝ። ጋሼ ከሳቸው ዘመን በኋላ የተሠራ ሳይክል አያከብሩም።

ፊኒክሱን ገልብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አይሞትም፣ ግን አርሲ ነገሌን በዚህ ጥርስ አትወጣትም» አሉኝ።

አብረን ቆጠርን። የፊቱ 48 ጥርስ፣ የኋላው 20። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ከግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ይሄ ማለት በአንድ እርግጫ ከ5 ሜትር በላይ ትሄዳለህ። ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ዳገት ላይ ጉልበትህን ይበላዋል። የኋላውን በባለ 22 ከቀየርነው አንዱ እርግጫ ወደ 4 ሜትር ከ90 ይወርዳል። ትንሽ ትመስላለች። ጋሼ ግን «ዳገት ላይ ይቺ ግማሽ ሜትር እንደ ወንድም ናት» አሉ፣ ወዲያው ያሉት ነገር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ አንገታቸውን ደፉ።

ነሐሴ 26

መርካቶ። ባለ 22 ጥርስ ተገኘ፣ ያገለገለ ነው ግን ደህና ነው። ጎማ ሁለት፣ ካላማዳሪ አራት፣ ማስቲሽ፣ ግሪስ። ምንዛሬው ሐምሌ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማ ዋጋ እንደ ወርቅ በየቀኑ ይጠየቃል። ነጋዴው ራሱ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስልክ ይደውላል።

ጳጉሜን 3

ይሄ የሳይክል ቀን አይደለም። ሐዋሳ ሄጄ ማሙሽን ለዓመታት መርፌ ስትወጋው የነበረችውን ሲስተር አነጋገርኳት። ረጅም ነው የምጽፈው ምክንያቱም ዕቅዴን የቀየረችው እሷ ናት።

የሄድኩት ለቀዶ ሕክምና ብር ለመሰብሰብ አስቤ ነው። ማሙሽ በመጨረሻ አዲስ አበባ ወረፋ የጠበቀው ለዚያ ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ፣ ስንት ልጅ እዚያ ደጃፍ ተራ እንደሚጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እና ሁሉም ሰው «ቀዶ ሕክምና» ሲባል እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሲስተር ሰምታኝ ሰምታኝ «ወንድሜ፣ እሱም ይሁን። ግን ማሙሽን የገደለው የቀዶ ሕክምና እጥረት ነው ብለህ ነው የምታስበው?» አለችኝ።

ወደ ኋላ ወሰደችኝ። ማሙሽ 11 ዓመቱ ላይ ጉሮሮውን ታሞ ነበር። ቶንሲል ነው ተባለ፣ ዝንጅብልና ማር ተሰጠው፣ ተሻለው። እንዲያውም ጎረቤት እንጥሉን አስቆርጡት ብሎ እማዬ እምቢ ብላለች፣ ይሄን አስታውሳለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ። ከዚያ ጉልበቱን ተወና ወደ ክርኑ ዞረ። ወጌሻ ጋ ወሰድነው። ወጌሻው በቅቤ አሸው። እብጠቱ ጠፋ። ሁላችንም ወጌሻውን አመሰገንን።

እንደ ሲስተር አነጋገር ይሄ በሽታ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል። የጉሮሮው ጀርም ስትሬፕቶኮከስ ነው። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይመታል። የጉልበቱ እብጠት ብን ብሎ ይጠፋል፣ የልብ ክዳን ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይጠፋም። የጉሮሮ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል። ክዳኑ ወይ አልከፈት ወይ አልዘጋ ይላል። ማሙሽ 14 ዓመቱ ላይ በዚህ ሳይክል ከአሞራ ገደል ቤት ሳይደርስ ወርዶ እየገፋ መምጣት ሲጀምር እኛ ሰነፈ ብለን ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት፣ «እኛ» ማለቴን ተዉት።

የልብ ክዳን ከተበላሸ በኋላ የሚያድነው ነገር በየ28 ቀኑ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ቤንዛቲን ይባላል። ጉሮሮው እንዳይመለስበት፣ ጠባሳው እንዳይጨምር። ርካሽ ነው። በጣም ያማል፣ መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ መርፌውም ወፍራም ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው። ማሙሽ ሁለት ዓመት በደንብ ወሰደ። ከዚያ ደህና ሆነ። ደህና ሲሆን አንድ ወር ዘለለ። ፈተና ነበረበት። ቀጥሎ መድኃኒቱ ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ ክረምት ሆነ። ሲመለስ ክዳኑ ሌላ ክዳን ሆኖ ነበር።

ሲስተር መዝገቧን ከፍታ 23 ልጆች ቆጠረችልኝ። ሁሉም ከሐዋሳ ውጭ የሚመጡ ናቸው፣ ሁሉም መርፌ የሚዘሉ። «ለምን ይቀራሉ?» አልኳት። «ትራንስፖርት» አለች። «መርፌው ከታክሲው ይረክሳል። ለቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፣ ለአውቶብስ የሚሰጥ ነው የጠፋው።»

ኮርቻው ሥር ያገኘሁት ትኬት ኪሴ ውስጥ ነበር።

መስከረም 5፣ 2017

አዲሱ ዕቅድ፦ ብሩ ለ23ቱ ልጆች የመርፌና የትራንስፖርት ነው። ለሰው ስነግር የሚያየኝን አስተያየት ልብ በሉ። «ቀዶ ሕክምና» ስል ፊቱ ይበራ የነበረ ሰው «ትራንስፖርት» ስል ደብዘዝ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ በግልጽ «ቲሸርት ላይ ለአውቶብስ ብሎ መጻፍ ይከብዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይከብዳል።

መስከረም 12

እማዬ እድሯ ስብሰባ ላይ ይዛኝ ገባች። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፦ ብር ሰብስቦ በግል ሒሳብ ማስገባት ሰው አያምንም፣ ሕጉም ያስቸግራል። አዲስ ማኅበር ማቋቋም ደግሞ ወር ይበላል። እድሩ ማኅተም አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ የባንክ ሒሳቡ በሦስት ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ብሩ በእነሱ በኩል እንዲገባ ልለምናቸው ነው። እማዬ ግን አሁንም በሐሳቡ አላመነችም፣ «ስሙን አንሥተህ እንዳታስለቅሰኝ» ብላ ነው የወሰደችኝ።

ተናገርኩ። ሰብሳቢው ጥሩ ሰው ናቸው፣ አዳመጡኝ። አንድ አባት ግን ተነሡና «እድር እኮ ድንኳንና ጣሳ ነው። የሞተን መቅበር ነው ሥራችን። ለታመመማ ሆስፒታል አለ» አሉ። ጥቂት ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ደረሰኙም፣ ማኅተሙም አለቀ ብዬ ቁጭ አልኩ።

እማዬ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «ልጄ ሲሞት ድንኳን ጣላችሁልኝ፣ ብር ሰጣችሁኝ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ተኛችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሕይወት ሳለ ለአንዲት መርፌ የአውቶብስ አጥቼ እቤት ያስቀረሁበት ወር ነበር። ያኔ ብነግራችሁ ትሰጡኝ ነበር። ግን እድር ለሞት ነው ብዬ አልነገርኳችሁም።»

እኔ ይሄን ወር አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ደሞዝ እየበላሁ።

እድሩ ተስማማ። ያ አባትም ፈረሙ። ስንወጣ እማዬ አጠገቤ እየሄደች «ሳይክሉን በደንብ ቀባው፣ ጥቁር ነው ቀለሙ» አለችኝ።

መስከረም 20

ቀለም። ሁለት ዙር። ጥቁር።

መስከረም 27

ትናንት ማታ ቤቱ ተወዛወዘ። ሳይክሉን በገመድ ጣሪያ ላይ ሰቅዬው ነበር፣ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወዲህ ወዲያ ሲል ነው መሬት መንቀጥቀጡ የገባኝ። መነሻው አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ ነው አሉ። ጎረቤት ሁሉ ውጭ ነው ያመሸው። እኔ ሳይክሉን አውርጄ ነው የወጣሁት፣ ይሄን እማዬ እንዳትሰማ።

ጥቅምት 3

ልምምድ ጀምረናል። ዘጠኝ ነን። ሦስቱ የማሙሽ የክፍል ጓደኞች ናቸው፣ ሐዋሳ ያደጉ ስለሆኑ ሳይክል ላይ የተወለዱ ይመስላሉ፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት፣ ሁላችንንም ጥላን ትሄዳለች። ቀሪዎቻችን የቢሮ ሰዎች ነን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በአዲሱ የኮሪደር ልማት የሳይክል መንገድ እንነዳለን። መንገዱ ያምራል፣ እውነት ለመናገር። ችግሩ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የለመደ እግር ሞጆ ላይ ከተሳቢ መኪና ጎን ሲሆን ምን እንደሚል ነው።

የፍጥነት መንገዱ ሳይክል አያስገባም፣ ስለዚህ በአሮጌው መንገድ ነው የምንሄደው። ፈቃድ የምንጠይቅበት አንድ ቢሮ ደብዳቤያችንን ለሦስተኛ ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ብሎናል። ደብዳቤው ላይ «የሳይክል ጉዞ» የሚለውን «ውድድር» ብለው አንብበውት ኖሯል፣ ውድድር ደግሞ የሌላ ክፍል ነው።

ጥቅምት 12

ትናንት ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። ቲሸርት የሚያትምልን ልጅ ጨርቁን የሚገዛው እዚያ ካለ ነጋዴ ነበር። ልጁ ሲደውልልኝ ስለ ቲሸርቱ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፣ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የሠራውን በአንድ ሌሊት አጥቶ። ቲሸርቱን ትተነዋል። ሁሉም ቤት ያለውን ነጭ ልብስ ይልበስ፣ ጀርባው ላይ በማርከር 28 ብለን እንጽፋለን። ይሄ እንዲያውም ይሻላል። ሰው «28 ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሲጠይቅ ትነግረዋለህ። ቲሸርት ላይ የተጻፈ ረጅም ነገር ማንም አያነብም።

ጥቅምት 24

ፈቃዱ ተገኘ። ቃል የተገባው ብር 143 ሺህ ደርሷል። ትልቁ ጅዳ ያለችው አክስታችን ናት፣ በኪሎ ሜትር 20 ብር፣ 5,500 ብር። ትንሹ የሰፈራችን የታክሲ ረዳት፣ 50 ብር፣ «ለአንድ ልጅ መመለሻ» ብሎ። ስለ ትራንስፖርት ለማስረዳት አንድም ቃል ያላባከንኩበት ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

ጋሼ ዛሬ የመጨረሻውን ፍተሻ አደረጉ። የፔዳሉን ክንድ ከመሃሉ ብረት ጋር አጣብቃ የምትይዝ አንዲት ሽብልቅ አለች፣ ጣት የማታክል። «ይቺን በየሠላሳ ኪሎ ሜትሩ እያት። ካላላች በመዶሻ ምታት። ካልያዝክ በድንጋይ» አሉኝ። ሒሳብ ስላቸው ተቆጡ። ሁለት መቶ ብር አውጥተው እሳቸው ሰጡኝ፣ «በእድሩ ደረሰኝ ነው የምፈልገው» ብለው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ባቱ ነኝ፣ ስሙ አሁን ባቱ ይሁን እንጂ ሁላችንም ዝዋይ ነው የምንለው። እግሬ አይሰማኝም። በስልክ እየጻፍኩ ነው፣ አጭር ይሆናል ብዬ ነበር።

ቃሊቲ ላይ 12 ሰዓት ተነሣን። አንድ ፒክ አፕ ከኋላችን አለ፣ ውኃ፣ ሙዝ፣ ትርፍ ጎማ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ ድረስ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል እንጂ ሳይክሉ ራሱ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ቁርስ በላን። ከዚያ እስከ ሞጆ ያለው ነው የከበደኝ፣ በዳገት ሳይሆን በፍርሃት። የሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት መኪና ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ተሳቢ ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ይስብሃል። ከትከሻዬ እስከ ጥፍሬ ደርቄ ነው የነዳሁት። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ሲመጣ እንደ ሽቶ ነው የማግኩት፣ መገንጠያው ደረሰ ማለት ነውና። መኪናው ወደ አዳማ፣ እኛ ወደ ደቡብ።

ቆቃ ላይ ሙቀቱ ተቀየረ። አዋሽን ተሻገርን። ዓለም ጤና አካባቢ አንዱ ካላማዳሪ ፈነዳ፣ የኔ ሳይሆን የዘመናዊው ሳይክል። ጋሼ ቢኖሩ ይስቁ ነበር። ስንቀይር ልጆች ከበቡን። አንዱ ጀርባዬን አይቶ «ሃያ ስምንተኛ ወጣህ?» አለኝ። የለም፣ በየ28 ቀኑ የሚወጉ ልጆች አሉ ስለው አንዲት እናት ከኋላ ቀረብ ብላ «የኔም ልጅ ጉልበቱ ያብጣል» አለች። 9 ዓመቱ ነው። ጉሮሮውን ታሞ ነበር ወይ? ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጉልበቱ አንዱ ሲሻለው ሌላው ካበጠ ወጌሻ ጋ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ልቡን ያዳምጡት አልኳት። የሲስተርን ስልክ ጻፍኩላት። ፒክ አፑ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፣ ልጁ ጫማ አልነበረውም፣ አብሮን እየሮጠ ትንሽ ሸኘን።

ሩጫውን አይቼ ተው ልለው ፈለግኩ።

መቂ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። የስምጥ ሸለቆ ነፋስ ከቀትር በኋላ ለሰው አያዝንም። ልጅቷ ከፊት ሆና ነፋሱን ትከፍልልን ነበር፣ ስምንት ወንድ ከኋላዋ ተጠልለን። ወደ 160 ኪሎ ሜትር። ማታ 12 ተኩል ገባን። ቆሮሶ ጥብስ በላሁ፣ ሁለት። ጾሙ ሳምንት ነው የሚገባው ግን ዓሣውን አልተውም ነበር።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሐዋሳ ነኝ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ቡልቡላ ድረስ ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ ግራር፣ ከሰል ሻጮች፣ በስተግራ ላንጋኖ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ። ማሙሽ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ሁሌ በቀኝ በኩል መስኮት ካልሆነ አይቀመጥም ነበር፣ ላንጋኖን ለማየት። አንድም ቀን ወርዶ አላየውም። አውቶብሱ አይቆምም። እኛ ቆምን። ማንም ምንም አልተናገረም፣ አንዱ ሙዝ ላጠ።

ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ዳገቱ ጀመረ። ቀጥ ያለ አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፣ አራት መቶ ሜትር ከፍታ ገደማ ትወጣለህ ግን ለዓይን ዳገት አይመስልም። ባለ 22ቷ ጥርስ ሠራች። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሹ ላይ ግራ ፔዳሌ «ጧ» አለ። ሽብልቋ። ሠላሳ ኪሎ ሜትሩን ረስቼ፣ ላንጋኖን እያየሁ። ክንዱ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። መዶሻው ፒክ አፑ ላይ ነው፣ ፒክ አፑ ከፊት ቀድሟል። በድንጋይ መታኋት። አንድ ገበሬ በአህያ የነገሌ አረቄ የጫነ ነው መሰለኝ ቆሞ አየኝና ድንጋዬን ተቀበለኝ፣ ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከታች አስደግፎ ሁለቴ መታት። ገባች። ያስደገፈውን ድንጋይ ያህል ሐሳብ አልነበረኝም።

ነገሌ ድረስ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ወርጄ ገፋሁ። ሌሎቹ ሊወርዱ ሲሉ ሂዱ አልኳቸው። ማሙሽ ከአሞራ ገደል እየገፋ ሲመጣ ማንም አብሮት አልገፋም፣ አንድ ሰዓት ለብቻዬ ልግፋው።

ሻሸመኔ ትርምስ ነው፣ ባጃጅ ከየአቅጣጫው። ከዚያ ቁልቁለት። ጥቁር ውኃ ድልድይ ላይ የሐዋሳ ልጆች ሳይክላቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁን ነበር፣ ልቆጥራቸው ሞከርኩ፣ ከሠላሳ በኋላ ተውኩት። የኋላው ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እንደ በግ መጮህ ጀምሮ ነበር፣ በዚያ ድምፅ ነው ከተማ የገባሁት።

እማዬ በር ላይ ነበረች። ለሙት ዓመቱ በሬ አልጣለችም። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ጠላ። የበሬው ብር ወደ እድሩ ገብቷል፣ ደረሰኙን ግድግዳ ላይ ከፎቶው ሥር ለጥፋዋለች። ሳይክሉን ተቀበለችኝ። ኮርቻውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ቀለሙን አሳምረኸዋል» አለች።

ኅዳር 9

ሒሳብ። የገባው 214,600 ብር። 28 ቀን በዓመት 13 ጊዜ ይመላለሳል። 23 ልጅ ሲባዛ በ13፣ 299 ጉዞ። ልጁና አንድ አስታማሚ ደርሶ መልስ በአማካይ 360 ብር፣ መርፌና ሲሪንጅ መቶ ሃያ ብር ይዘን። ዓመቱን 143,520። ማለት ወደ አሥራ ስምንት ወር ይበቃል። በኋላስ? እድሩ ከወርሃዊ መዋጮው ላይ አምስት አምስት ብር ለመጨመር ይነጋገራል። «ለታመመማ ሆስፒታል አለ» ያሉት አባት ናቸው ሐሳቡን ያመጡት።

ዛሬ ሰኞ 19 ልጅ ተወጋ። አንዱ ሲወጋ ያለቀሰው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ቆይቶ እማዬ ከረሜላ ሰጠችው፣ እያለቀሰ በላው።

ታኅሣሥ 7

28ኛው ቀን። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራ ላይ። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወለች። ደብተር ገዝታለች፣ የ23ቱም ስም፣ የእናታቸው ስልክ፣ የሚመጡበት ቀን በቀይ እስክሪብቶ። ከትናንት በስቲያ ጀምራ ስትደውልላቸው ነበር። 21 መጡ። አንዱ ረቡዕ ይመጣል፣ የአጨዳ ወቅት ነው፣ አባቱ ጤፍ አጭደው አልጨረሱም። አንዷ ስልኳ አይሠራም፣ ቤታቸው ከአስፋልት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የማሙሽ ጓደኛ፣ ያቺ ጎበዟ ልጅ፣ ፊኒክሱን ይዛ ሄዳ ነገረቻቸው። ነገ ይመጣሉ።

«ሳይክሉን እዚሁ ተውልን» አለችኝ እማዬ። «ያስፈልገናል።»

ዓለም ጤና ያየኋት እናትም ለሲስተር ደውላለች። ልጁ ሰኞ ቀጠሮ አለው።

የኋላው ፍሬን ግን አሁንም ይጮኻል አሉ። ጎማው ላይ የሚያርፈው ላስቲክ አልቋል መሰለኝ። ቅዳሜ ጋሼን ጠይቄ ይዤ እሄዳለሁ።